ያልተኛው ሞተር

መልአኩ ከማታር ሲመለስ መኪናውን ሳላየው በድምፁ አውቀዋለሁ። ቤታችን ጋምቤላ፣ ከኢታንግ መንገድ ዳር ነው። ሌሎቹ የጭነት መኪናዎች አጓርተው ያልፋሉ፤ የእሱ ግን ከማጓራቱ በላይ ቀጭን ፉጨት አለው። ቱርቦ ስለሆነ ነው ብሎኛል። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሰማሁት ፉጨት ግን ሌላ ነበር፤ ደረቱን ብርድ የመታው ሰው ሲተነፍስ እንደሚያሰማው ዓይነት። የምለቅመውን ምስር አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

እኔ ጭንቀታም ነኝ። ሰፈሩ ያውቀዋል፣ እኔም አልክድም። መልአኩ የልጄ ልጅ ነው፤ እናቱ ከወሎ በሰፈራ በመጣን በዓመቱ በወባ ከሞተችብኝ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሌላ የለኝም። ያ መኪና ሲያስነጥስ እኔ ብርድ ቢይዘኝ ማን ይፈርድብኛል።

ደጃፌ ላይ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። መኪናው እስከ ጋቢናው መስኮት ድረስ ጭቃ ነው። በሌላው በር ጋይ ወረደ። ጋይ የማታር ነጋዴ ነው፣ ኑዌር፤ ከቁመቱ የተነሣ መሰላሉን ሳይረግጥ እግሩ መሬት ይደርሳል። ከእኛ ከተማ ማሽላ፣ ጨውና ሳሙና እየጫነ የሚወስደው በዚህ መኪና ነው። ክልል ከሆንን ወዲህ መሥሪያ ቤቱም ሱቁም ጭነቱም በዝቷል፤ መንገዱ ግን ያው የድሮው ዋልካ ነው።

«ለምን አታጠፋውም?» አልኩት መልአኩን።

«ትንሽ ይረፍ እምዬ። ቱርቦ ሮጦ እንደመጣ ድንገት አያጠፉትም።»

«ቢያጠፉት ምን ይሆናል?»

ጭብጡን አሳየኝ። «ይቺን የምታህል መንኮራኩር አለችው፤ በጭሱ ኃይል ነው የምትሽከረከረው። ስትዞር የምትንሳፈፈው ዘይት ላይ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ መምጣቱን ያቆማል፤ እሷ ግን ገና እየዞረች፣ ገና እንደ ፍም ግላ ነው። ያኔ ዘይቱ ላይዋ ላይ ያርራል።»

«እንደ ወጥ?»

«እንደ ወጥ። ይሄኛው ወጥ ግን ድስቱንም ይዞ ነው የሚያርረው።»

ጋይ ሳቀ። «ማማ፣ አታስቢ። ይሄ መኪና መቼም አይጠፋም። እኛ ተኛን፣ እሱ አልተኛም። ማሽላ አወረድን፣ እሱ አልተኛም። ጭቃ ቆፈርን፣ አልተኛም። አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ይሠራል።»

መልአኩ በዓይኑ ገሰጸው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን አየኋት። ጋይም ገባውና ልብሱን ሊቀይር ሄደ።

ምግብ አቅርቤ ሁለት ጉርሻ እስኪውጥ ታገሥኩ። ከዚያ ጠየቅኩት። መጀመሪያ «ተዪው» አለ። አልተውኩትም። ኋላ እየጎተተ ነገረኝ። ባትሪው ሞቷል፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ አይዞርም። የመኪናው ባለቤት ደሞዝ «በግፊ አስነሣው፣ እኛ ዕድሜያችንን በግፊ ነው የነዳነው» ብሎታል። ዋልካ ውስጥ እስከ አንገቱ የተጫነ መኪና ማን ይገፋል? ስለዚህ ከጋምቤላ ካስነሣው ማታር ደርሶ እስኪመለስ አያጠፋውም። ሲያወርዱም፣ ሲጭኑም፣ ሲተኙም ቆሞ ይሠራል። ዘይት ከተቀየረ ወዲህ ምልልሱ ሁሉ እንዲሁ ነው ያለፈው።

«ዘይቱስ ታዲያ?»

እጁ ሰሃኑ ላይ ቆመ። «ዘይት የሚቀየረው በኪሎ ሜትር ነው። ኪሎ ሜትሩ አልሞላም።»

«ቆሞ የሠራበትስ?»

«እሱን ቆጣሪው አይቆጥረውም።»

«አንተ ግን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ እምዬ። በመጀመሪያ ማርሽ እየተንፏቀቀ የሠራበትንም አውቀዋለሁ። ሰው አንድ ቀን ሙሉ ሸክም ተሸክሞ እዚያው በረንዳው ላይ ቢመላለስ፣ ‹ሩቅ አልሄድክምና አልደከመህም› ይባላል? ዘይቱ ደክሟል።»

«ንገረዋ።»

«ምን ብዬ? ናፍታው ለምን በዛ ሲለኝ ጭቃ በላው ብዬዋለሁ። አሁን ሞተሩን ሳላጠፋ አድሬ ነው ብዬ ብነግረው፣ ናፍታ ሸጦ ተረት አመጣ ነው የሚለኝ። ከእኔ በፊት የነበረውን ሾፌር በምን አባረረው ብለሽ ነው?» ቀና ብሎ አየኝ። «አደራ፣ አንቺም እንዳትነግሪው። በእናቴ አጥንት።»

እሺ አላልኩም። «ብላ» ነው ያልኩት። እሱ ግን እንደ እሺ ወሰደው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሞዝ ራሱ መጣ። ደሞዝ ድሮ የኤንትሬ፣ የዚያ የጥንቱ የጣሊያን ጭነት መኪና፣ ሾፌር ነበር፤ ትከሻው ከዚያ ከባድ መሪ ጋር ሲታገል የኖረ ትከሻ ነው፣ ዛሬም ሲሄድ እጆቹ ትንሽ እንደተከፈቱ ናቸው። መኪናውን ዞሮ አየና ጭቃውን በጫማው ነካ ነካ አደረገ።

«እትዬ እታገኝ፣ እንዴት ዋሉ? መልአኩ፣ ነገ ጠዋት እንጭንና እንነሣለን። ሰማዩን አየኸው አይደል? ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ከዚህ በኋላ መንገዱ ይዘጋል። ጋይ ቤተሰቡ እህል ይጠብቃል፣ እኔም ቃል ገብቻለሁ።»

«ጋሽ ደሞዝ፣ ዘይቱን ቀይረን ብንነሣ?» አለ መልአኩ።

«ኪሎ ሜትሩ ሞላ?»

«አልሞላም። ግን መንገዱ…»

«ጭቃ ዘይት አይጠጣም። ስማ፣ እኔ ከአሰብ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጎሬ፣ አርባ ቁጥር ዘይት ሬንጅ እስኪመስል ነድቻለሁ። ኤንትሬ አንድ ቀን አላስነጠሰችም።»

«ኤንትሬ ቱርቦ የላትም ጋሽ ደሞዝ።»

«እሱማ ነው ጥሩነቷ።»

መልአኩ ፈገግ እንኳ አላለም። «ብንቀይርም ለቱርቦ የሚሆነው አሥራ አምስት አርባ ዘይት ከተማው ውስጥ የለም። ያለው ለትራክተር የመጣው የበርሜሉ አርባ ነው።»

«ታዲያ መልሱን ራስህ ሰጠኸው። የሚሻለው ከጅማ እስኪመጣ ያለው ይሠራል። አንድ ሊትር ጨምርበትና እንሂድ።»

ሲሄድ በሩ ድረስ ሸኘሁት። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «በእናቴ አጥንት» ያለኝ ያዘኝ። የልጄ አጥንት ነው፤ እንደ ዋዛ የሚረገጥ አይደለም። ደግሞ ብናገር ልጁ እንጀራው ይቋረጣል። ባልናገር ያ ደረቱ የታመመ መኪና ከኢታንግ ወዲያ፣ ሰው በሌለበት፣ ዝናብ ከኋላው መንገዱን እየቆረጠ ይቆማል። በዚያ ወራት ደግሞ በዚያ በኩል ጸጥታው ደህና አልነበረም፤ የቆመ መኪና ማን እንደሚደርስበት አይታወቅም። ይህንን ሳገላብጥ ነጋ።

ጠዋት ስንቁን ቋጥሬ ጋራዥ ሄድኩ። ስንቅ ለማድረስ ብዬ ነው የሄድኩት፤ እንዲያ ብዬ ለራሴም ነግሬዋለሁ። የሙሐመድአሚን ጋራዥ አንድ ትልቅ ማንጎ ዛፍ ነው፣ አጠገቡ የቆርቆሮ ክፍል። ሙሐመድአሚን የእኛው የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል። የጋይ ሰዎች የማሽላውን ኩንታል እየጫኑ ነበር። ሞተሩ በግፊ ተነሥቶ እስከዚያ መጥቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ጠፍቷል። ፉጨቱ የለም። ያ ዝምታ ከፉጨቱ ይልቅ አስጨነቀኝ።

ሙሐመድአሚን ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ጫፉን በሁለት ጣቱ አሻሸው፤ አሸተተው።

«ይሄ ዘይት ስንት ሄዷል?»

ደሞዝ ኪሎ ሜትሩን ነገረው።

«አይመስልም» አለ ሙሐመድአሚን።

«ጠቁሮብህ ነው።»

«ኧረ መጥቆሩስ ይጥቆር። የናፍታ ሞተር ዘይት በነጋታው ይጠቁራል፤ ጥቀርሻውን ማጠቡ ነው። እኔ የምለው ውፍረቱን ነው። እንካ ያዘው፣ ውሃ ሆኗል። ደግሞ ናፍታ ናፍታ ይላል።» ወደ መልአኩ ዞረ። «ያጋጠመህ ነገር አለ እንዴ?»

«ምንም። ጭቃ ነው» አለ መልአኩ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ጭቃ ብቻ?»

«ጭቃ ነው አልኩህ።»

ደሞዝ ከበርሜሉ የተቀዳውን ዘይት በጀሪካን ይዞ ቀረበ። «ሁለታችሁም እንደ ሐኪም ቤት አታዋሩኝ። ጨምርበትና ዝጋ።»

ሙሐመድአሚን አልተቀበለውም። «ጋሼ፣ አርባ ስለሆነ አይደለም የምፈራው። ጋምቤላ ብርድ የለም፤ ውፍረቱ ይሆን ይሆናል። ግን ይሄ ለትራክተር የመጣ ነው፤ የቱርቦን ሙቀት አያውቀውም፣ ማጠቢያው ደካማ ነው። በደከመው ላይ ደካማ ብትጨምርበት ሁለት ደካማ ነው የሚሆነው። ሰዓቱን ነው ማወቅ የምፈልገው። ይሄ ሞተር ስንት ሰዓት ሠርቷል?»

«ሰዓት ምን ያደርግልሃል? ባቡር ነው እንዴ?»

ጋይ ኩንታል ላይ ተቀምጦ ወደ ሌላ ያይ ነበር። መልአኩ መፍቻ አንሥቶ ያልላላ ብሎን ያጠብቃል። አንገቱ ላይ ላብ ይወርዳል። ክዳኑ ሊዘጋ ነው። ከዚያ ይገፉታል፣ ይነሣል፣ ይሄዳል። ሲሄድ ከኋላ ቆሜ እጄን አውለበልባለሁ፤ ሌላ ምንም አላደርግም።

«ሞተሩ አይጠፋም» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። «ምን አሉ?» አለ ደሞዝ።

«ከዚህ ከተነሣ እስኪመለስ አያጠፋውም። ባትሪው ሞቷል፣ የሚገፋ ሰው የለም። ቆሞ ሲሠራ ያድራል። ምልልሱን ሁሉ።»

መልአኩ መፍቻውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው፣ በጣም ቀስ ብሎ። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

«ናፍታውን ጭቃ በላው አላልከኝም?» አለ ደሞዝ።

«ብያለሁ።»

«በጭቃው በኩል ስንት ጀሪካን አሳለፍክ?»

«አንድም አልሸጥኩም። ጋይ ምስክሬ ነው።»

«አልሸጠም» አለ ጋይ። «ሲያድር ይሠራል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ፣ ማንን ልክሰስ?»

«አንተ ዝም በል። የአንተ ማሽላ ከደረሰ ስለሌላው ምን ገዶህ።» ደሞዝ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን።»

መልአኩ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። እኔን አላየኝም።

«እኔው እነዳዋለሁ» አለ ደሞዝ። «ኤንትሬ የነዳ ሰው ይቺን መጫወቻ አያቅተውም።»

«ቁልፉ የአንተ ነው፣ መኪናውም የአንተ» አለ መልአኩ። ድምፁ ወርዷል፤ ግን ከመኪናው ፊት አልተነሣም። «ዘይቱን ግን አፍስሰህ ሳታይ አትሂድ። እኔን ስላባረርከኝ ዘይቱ አይወፍርም።»

ሙሐመድአሚን የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ሳፋ ይዞ ከሥር ገባ። ዘይቱ ሲፈስ ድምፅ አለው፤ ደህና ዘይት እንደ ማር ይወርዳል አሉ፣ ይሄ እንደ ሽንት ጮኸ። ከዚያ ዘይት ማጣሪያውን ፊልትሮ አውጥቶ ቆርቆሮውን በመጋዝ ቆረጠ፤ ውስጡ ያለውን እጥፍጥፍ ወረቀት ዘርግቶ በፀሐይ ያዘው። እኛም ጎንበስ አልን። ጥቁሩ ወረቀት ላይ እንደ ወርቅ ዱቄት የሚያብለጨልጭ ነገር ተበትኗል።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ነሐስ። የቱርቦው መንኮራኩር የምትዞርበት ኩሽኔታ ነው እየተበላ ያለው።» ሄዶ ትልቁን የአየር ቱቦ ከቱርቦው ላይ ፈታና ጣቱን አስገብቶ መንኮራኩሯን ነቀነቃት። እንደ ላላ ጥርስ ተንቀሳቀሰች። «ጋሼ፣ ና ንካው።»

ደሞዝ ነካው። ጣቱን ቶሎ አወጣ።

«ይቺ መንኮራኩር የተሰካችበት ዘንግ መንገድ ላይ ብትሰበር የሞተሩ ዘይት በአየሩ በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል» አለ ሙሐመድአሚን። «ያኔ ሞተሩ ናፍታ አይፈልግም፤ የራሱን ዘይት እየጠጣ ይነሣል። ቁልፍ ብታጠፋ አይጠፋም። እየጮኸ፣ እየጮኸ ሄዶ ራሱን ይሰብራል። ጋቢና ውስጥ ያለው ሰው ማድረግ የሚችለው ወርዶ መሮጥ ነው።»

የጋይ ሰዎች እንኳ ኩንታል ማንሣት አቆሙ።

«አዲስ ዘይት ብናደርግበትስ?» አለ ደሞዝ፣ ቀደም ካለው ድምፁ ግማሹ በሌለበት ድምፅ።

«የተበላውን ኩሽኔታ ዘይት አይመልሰውም። ኩሽኔታው ይቀየር፣ ፊልትሮ ይቀየር፣ ዘይቱ አሥራ አምስት አርባ የቱርቦው ይሁን። ሁሉም ጅማ ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ የማታርን መንገድ በኪሎ ሜትር መቁጠር ይቅር፤ በሰዓት ቁጠሩ። ባትሪም ግዛለት። እንዲህ ለሚሠራ መኪና የመኪናው ደብተር ላይ ከተባለው በግማሹ ላይ ነው ዘይት መቀየር።»

ደሞዝ መልአኩን ለረጅም ጊዜ አየው። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ሸጥክ ትለኝ ነበር።»

«ሸጥክ እልህ ነበር» አለ ደሞዝ። ጫማውን ሲያይ ቆየና፣ «ነገ በአውቶቡስ ጅማ ትሄዳለህ። የሚባለውን ይዘህ ና። የቀረውን ስትመለስ እንነጋገራለን» አለው። ቁልፉን ግን አልመለሰለትም።

ጋይ የማሽላውን እኩሌታ በባሮ በጀልባ አስጭኖ በዚያው ዕለት ወረደ። ወንዙ ገና መሙላቱ ስለሆነ ከዚያ በላይ አልያዘለትም። «ማማ፣ እኔ እቀዝፋለሁ፤ ቀዘፋ ቱርቦ የለውም» ብሎኝ ሄደ፤ ፊቱ ግን አልሳቀም።

መልአኩ ያን ቀን አላናገረኝም። ያቀረብኩለትን በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ተኛ። በማግስቱ አውቶቡሱ ጋ ስሸኘው ስንቁን ተቀበለኝ፣ ጉልበቴን ግን አልሳመኝም። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ብቅ አለ።

«እምዬ።»

«ወይ።»

«ጋሽ ደሞዝ ልቡ አይረጋም። እስክመለስ እንዳያስነሣው።»

ይህቺን ብቻ። ለእኔ በቂ ነበረች።

ዓርብ ቀን ሙሐመድአሚን ጋራዡን ዘግቶ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሄደ። እኔ ቀደም ብዬ ደርሼ ማንጎው ጥላ ሥር ነበርኩ፤ እግሬ አብጦ ስለነበር መቆም አልቻልኩም። ሰማዩ ከምዕራብ በኩል እንደ ከሰል ሆኗል። ደሞዝ ከአራት ወዛደሮች ጋር መጣ። በአንድ እጁ የበርሜሉን ዘይት ይዟል፤ በሌላው ከተቆረጠው በፊት ዘይት ሲቀየር የተጣለውን አሮጌ ፊልትሮ፣ በናፍታ አጥቦ። የወረቀት ፊልትሮ እንደማይታጠብ እኔ እንኳ በዚያ ሳምንት ተምሬያለሁ።

ሲያየኝ ቆመ። እኔም ተነሥቼ የጋቢናውን መሰላል ያዝኩና ተቀመጥኩበት።

«እትዬ እታገኝ፣ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ልቀመጥ።»

«እዚህ ላይ?»

«እዚህ ላይ።»

«ኢታንግ ድረስ ብቻ ነው። የቀረውን እህል እዚያ አራግፌ እመለሳለሁ። ጋይ ከዚያ ይወስደዋል። ዝናቡ ሳይጥል።»

«ኢታንግ ስትደርስ ደግሞ ‹ትንሽ ወዲያ ብቻ› ትላለህ።»

ወዛደሮቹ ሳቁ። አንደኛው፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ እሳቸውን እንግፋ?» አለ። ደሞዝ ገላመጠው።

«ቃል ሰጥቻለሁ» አለኝ። «ሰው እህል እየጠበቀ ነው። ይነሡልኝ።»

«አውቃለሁ። ቃል ሰጥተህ መቅረት ያማል። ግን ደሞዝ፣ እኛን ከጎሬ ቁልቁል ያወረድከን አንተ አይደለህም? ኤንትሬህ ላይ ጥሬ ሥጋ እንደተጫነ ታጭቀን። ፍሬኑ ጋለ ብለህ ገደሉ አፋፍ ላይ አቆምክ። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ሰው ውሃ ጠማን ይላል፣ ካድሬው ‹ንዳ› ብሎ ሽጉጡን ይነካካል። አንተ ጎማው ሥር ተቀምጠህ ‹እስኪበርድ አልነሣም› አልክ። መልአኩ ያን ጊዜ ጀርባዬ ላይ ነበር።»

ጀሪካኑ እንደከበደው አየሁ፤ ግን አላስቀመጠውም።

«ያኔ ካድሬውን አልፈራሁም፣ ፍሬኑን ነበር የፈራሁት» አለ ቀስ ብሎ።

«ይሄን ደግሞ ፍራው። ፈራ ብሎ የሚንቅህ የለም።»

«ልጅዎ ነው እዚህ ያስቀመጠዎት?»

«እንዳያስነሣው ብሎኝ ነው የሄደው።»

«እኔን?»

«ማንን ሊሆን ነው።»

የዝናብ ጠብታ ኮፈኑ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ወዛደሮቹ ወደ ቆርቆሮው ክፍል ጥግ ሮጡ። ደሞዝ ጀሪካኑን መሬት ላይ አደረገና «ጠጋ ይበሉ» አለኝ። መሰላሉ ለሁለት ሰው አይበቃም፤ ቢሆንም ጠጋ አልኩለት። ትከሻው ትከሻዬን እየገፋ ተቀመጠ። ዝናቡ እየጠነከረ ሄደ፤ የኢታንግ መንገድ ፊታችን መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ አበራ፣ ከዚያ ውሃ መያዝ ጀመረ።

እሱ መንገዱን ነበር የሚያየው። እኔ እጁን። ቁልፉ ገና እጁ ውስጥ ነበር።